ለኮበለለ አልጋ አለ

የልጅ ልጄ እንግዳ ማስጎብኘትን ሥራዬ ብላ ይዛለች። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም አዲስ የተጋቡ ሰዎች ይደውሉላትና ጂንካ ስንመጣ የት እንደር፣ የት እንብላ ይሏታል። ጂንካ የዞኑ ዋና ከተማ ስለሆነች ወደ ሐመርም ወደ በናም የሚያልፍ ሁሉ እዚህ ማደሩ አይቀርም። ባለፈው ሰሞን አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን እየነካካች፣

«አያቴ፣ ለፍቅረኞች የሚሆነው ቤት የትኛው ነው ልበላቸው?» አለችኝ።

«በር ያለው» አልኳት።

«በር የሌለው ሆቴል ደግሞ የት አለ?»

«ከውስጥ መወርወሪያ ያለው በር ማለቴ ነው። ባለቤቱም ሰው ሲመጣ ከበሩ ፊት የሚቆም።»

ሳቀችብኝ። «እኔ የምጽፍላቸው አበባ ያለበት ግቢ፣ ጥሩ ቁርስ፣ ከኮረብታው ላይ ከተማውን የሚያሳይ መስኮት ነው። አንቺ ደግሞ ጦር ሜዳ ታደርጊዋለሽ።»

ጻፊላቸው አልኳት። ዛሬ እሷ የምትላቸው ዓይነት ቤቶች በእውነት አሉ። ፓፓያው ተቆርጦ በሳህን ይቀርባል፣ ባጃጁ እስከ በር ድረስ ያደርሳል፣ አልጋው ላይ አበባ ይበተናል። እኔ ግን በዚህች ከተማ ለተዋደዱ ሰዎች አልጋ ሳከራይ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አልጋው ላይ ተበትኖ ያየሁትም አበባ አይደለም። እሷ የማትጽፈውን እኔ ልጻፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መስመሬ ቢጣመም አቃንታችሁ አንብቡ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ባለቤቴ ከዘመተበት አልተመለሰም። ቤታችን ከገበያው በታች ካለው ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነበር። ያን ጊዜ ማረፊያው የከተማው መሐል ላይ የተዘረጋ ሣር ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል፤ በቀረው ጊዜ ሣሩ የከብትና የፍቅረኞች ነው። ቤቱን በጭቃ ግድግዳ ከፋፈልኩትና ፊት ለፊቱን ምግብ ቤት፣ ጓሮውን አልጋ ቤት አደረግሁት። ሾፌር ይመጣል፣ ስብሰባ የተጠራ የወረዳ ሠራተኛ ይመጣል። ከሁሉ የበዙት ግን ወላጅ ከልክሏቸው ተያይዘው የጠፉ ልጆች ነበሩ። ከደጋው መንደሮች በእግራቸው፣ ከቀይ አፈር በጭነት መኪና፣ አንዳንዴም ከዲመካ ድረስ ይመጣሉ። በመንደር ለኮበለለ መደበቂያ የለም። ጂንካ ላይ ግን ፍርድ ቤት አለ፣ ሥራ አለ፣ የማያውቃቸው ሰው አለ።

ከኋላቸው ዱላ ይመጣል። አንዱ አባት ልጁን ሲያጣት ፍራሼን በገጀራ ዘልዝሎት ጥጡ ግቢውን ሞላው። አንዱ አጎት በሩን በመጥረቢያ ፈልጦት፣ በሩ ከወደቀ በኋላ ክፍሉ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ውስጥ የነበረው የጤና ቢሮ ሠራተኛ በመስኮት ዘሎ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። እኔም ከበሩ ጀርባ ዘነዘና አቆም ነበር። በርበሬ የሚወቀጥበት ዘነዘና አይደለም፤ ለብቻው ያስጠረብኩት ነው።

ሕጌ አጭር ነበር። ሁለቱ ሲመጡ ሴቷን ብቻዋን ወደ ማድ ቤት አስገባና «ወደሽ ነው?» እላታለሁ። ወዳ ከሆነ አልጋ አለ፤ አባቷ የመንግሥት ሹም ቢሆንም አልጋ አለ። አንድ ጊዜ አንዷ በእምቢታ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና አንገትጌዋን ገልጣ የገመድ ሰንበር አሳየችኝ። ወጥቼ ሻዩን እየጠጣ የነበረውን ሰውዬ ጉልበቱን በዘነዘና አልኩት። ዛሬም ገበያ ውስጥ ሲያነክስ አየዋለሁ። ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልለውም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌሎች ሁለት ልጆች ነው።

አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ከደጋው ወርደው መጡ። ልጁ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን የገበሬ ልጅ ነው። ልጅቷ ጨርቅ ቋጥራ ከኋላው ቆማለች። ማድ ቤት አስገብቼ ጠየቅኋት።

«ወድጄ ነው እትዬ። እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት» አለችኝ።

እሺ አልኩና ከማድ ቤቱ ጎን ያለውን ክፍል ሰጠኋቸው። ምሳ ሲደርስ ልጁ ምግብ ቤቱ ውስጥ ገበታ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ የለችም። ወደ ጓሮ ብወጣ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ እንሰት ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ ቆጮ ትበላለች።

«አንቺ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየበላሁ ነው እትዬ።»

«ወንበር የለኝም?»

«ሰው እንዳይቆጣ ብዬ ነው። የእኛ ቤት ሰዎች ሸክላ ሠሪ ናቸው።» ቀና ብላ አላየችኝም።

እኔም የዚያው የደጋ ገበሬ ልጅ ነኝና ማስረዳት አላስፈለጋትም። ለማያውቅ ግን ልንገር። በእኛ አገር ገበሬ ሸክላ ሠሪ በሠራው ድስት ያበስላል፣ በእንስራው ውሃ ይቀዳል፤ ከሠሪው ጋር ግን አይበላም። ሸክላ ሠሪ ገበሬ ቤት ከመጣ ከደጅ ይቀመጣል፣ በቅጠል ይሰጠዋል። በስህተት ከኩባያ ከጠጣ ኩባያው ይሰበራል። ከእነሱ ጋር የበላ ገበሬ ደግሞ በግ ታርዶ ሽማግሌ እስኪያነጻው ድረስ ከቤተሰቡ አይቀላቀልም። መጋባትማ አይታሰብም። ይህ በድሮ ዘመን የቀረ እንዳይመስላችሁ፤ የምነግራችሁ ሰው ሁሉ ሞባይል በያዘበት ጊዜ የሆነውን ነው።

«በእኔ ቤት ከአጥር ሥር የሚበላ ዶሮ ብቻ ነው። ተነሺ!» አልኳት።

«ተይኝ እትዬ፣ ያስገድሉናል።»

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ጥፍሯ እጄን ሞነጨረው፤ አልለቀቅኳትም። ወስጄ ከባሏ አጠገብ አስቀመጥኳት። ልጁ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ብድግ አለ። ትከሻውን ጨብጬ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አብረሃት ተኝተህ አብረሃት መብላት አቃተህ?» አልኩት በጆሮው።

አጠገባቸው የነበሩት ደንበኞች የባልና ሚስት ጠብ መስሏቸው ሳቁ። ልጁ ተቀመጠ፤ ግን አልበላም። ጠገብኩ አለ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚሁ ሆነ። አንድ ቀን ቀድሟት በልቶ ይነሳል፤ ሌላ ቀን ሆዴን አመመኝ ይላል። አጠገቧ ይቀመጣል፣ ያጫውታታል፣ ገበታው ሲቀርብ እጁን ወደ ጉያው ይሰበስባል። ሥራ ሲፈልግ እየዋለ ያገኛትን ሁሉ ያመጣላታል። ብቻ አይበላም።

እሷ ማድ ቤት ታግዘኝ ነበር። ብርጭቆውን ሁሉ በአንድ ሳፋ አብረን እናጥባለን፤ የማንም ብርጭቆ ከማንም አይለይም። አንድ ቀን እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣

«እትዬ፣ ዱላውን አልፈራውም» አለችኝ። «አልጋ ላይ ባሌ ነው፤ ገበታ ላይ የአባቱ ልጅ ነው። አብሮኝ ካልበላ ወንድሞቹ በመጡ ቀን ጥሎኝ ይሄዳል። ይህንን አውቃለሁ።»

«አፍንጫውን ይዤ ላጉርሰው?»

«አይሆንም። ራሱ ካልበላ ምን ዋጋ አለው?»

ልክ ነበረች።

ወንድሞቹ በቅዳሜ ገበያ መጡ። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል፣ አብዛኛው ከደጋ የወረደ ገበሬ ነው። ሁለት ሰዎች ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ግድግዳ አስደገፉ። እኔ አላውቃቸውም። መንገድ የደከመው ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሻይ አዘዙ፣ ቆጮ በጎመን አዘዙ፣ ጥብስ ጨመሩ። ሳህኑን ጠርገው በሉ። ከዚያ ትልቁ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ጠራኝ።

«ሴትዮ፣ ወንድማችን እዚህ ነው አሉን። ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋር።»

«አዎ፣ እዚህ ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው» አልኩት።

«ባልና ሚስት አትበይ! እሱን አምጪልን። ቤት በጉ ታስሮለታል፣ ሽማግሌ ያነጻዋል፣ እንደገና ሰው ይሆናል። እሷ የምትጠጣበትንም ብርጭቆ ለይተሽ አምጪ። ሰብረንልሽ እንሄዳለን።»

ይህን ያለው ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው ነው።

«የእሷ የሚባል ብርጭቆ የለም።»

«ታዲያ በምንድን ነው የምትጠጣው?»

«አንተ አሁን በጠጣህበት።»

ትንሹ ወንድም ባዶውን ሳህን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ሳህኑን አየ። ትልቁ ብርጭቆውን አንስቶ ወረወረው። ጆሮዬን አልፎ ግድግዳው ላይ ተፈረከሰና ስብርባሪው አንገቴ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል አላየሁም። ትልቁ በዱላው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አረገፈው። የትኛው የእሷ እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉንም መስበር ነበረበት፤ ሁሉንም ሰበረ። የማይሰበረውን የቆርቆሮ ሳህን ትንሹ እየታቀፈ ወስዶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመረው። ደንበኞቼም ተነሱ፤ ለእኔ ሊያግዙ አይደለም። ነጋ ጠባ ቤቴ የሚበላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበር። ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ወለሌ ላይ አስታወከው። አፉን እየጠረገ ጮኸብኝ።

«ለምን ደብቀሽ አበላሽን? የምንበላውን የማወቅ መብት የለንም?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ ፍትሕ የሚል ሰው ሊያስበው ይገባልና። መልሴ ግን ያው ነው። ስጋው ከበሽተኛ በሬ ቢሆን፣ ቅቤው ቢበላሽ መንገር ነበረብኝ። ከጎኑ ማን እንደጠጣ ግን የምግቡ ነገር አይደለም። ያን ቀን ይህን ሁሉ አላልኩትም። «ስትበላ ጥሞህ ነበር!» ብዬ በአንድ ሰባራ ወንበር ደረቱን ገፋሁት።

ልጅቷ ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች። እጇ አረፋ ነው። ትልቁ ወንድም አላወቃትም ነበር፤ አረፋውን ሲያይ ብርጭቆውን የምታጥበው እሷ መሆኗን አወቀ።

«አንቺ ነሽ!» አለና ጸጉሯን ጠቅልሎ ያዘ። አፏን በቡጢ መታት። ከንፈሯ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወደ መሬት ሲጥላት ፊቷ ከብርጭቆው ስብርባሪ ላይ ሊያርፍ ነበር፤ በእጇ ተደገፈች፣ መዳፏ ተቆረጠ። እኔ ያን ጊዜ ዘነዘናውን አንስቼ ነበር። ጭንቅላቱን አልኩትና ከግንባሩ በላይ ፈነከትኩት። ዞሮ በዱላው ሰነዘረብኝ። ክንዴን አስቀድሜ ተቀበልኩት። ለቀቃት።

ባሏ የክፍሉ በር ላይ ቆሟል። መቼ እንደወጣ አላየሁም፤ እሷ ስትመታ ግን እዚያ ነበረ። ትንሹ ወንድም ከሽንት ቤት ሲመለስ አንገቱን አንቆ ያዘው።

«ና እንሂድ! በጉ ታስሯል!»

ትልቁ ደሙን ከዓይኑ እየጠረገ ቀረበውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አብረሃት በልተሃል?»

ልጁ ከመመለሱ በፊት ያ ዘማሪ ከበሩ ጋ ሆኖ መሰከረ። «አልበላም! በየቀኑ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ እጁን ከእሷ ጋር ሲዘረጋ አላየሁም።»

«አያችሁ! ወንድሜ ንጹሕ ነው!» አለ ትልቁ፤ እንባው ከደሙ ጋር ወረደ። ደስ ብሎት ነበር። ወንድሙን የሚወድ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በዚያው የበለጠ ጠላሁት።

ልጅቷ ይህን ከመሬት ሆና ሰማች። የፈራችው ነገር ሰው ፊት ተነገረ፣ ምስክርም ተገኘለት። ተነሳች። ጥግ ላይ አንድ ሳህን ቆጮ በጎመን ሳይደፋ ቀርቶ ነበር። ቆርሳ በተሰነጠቀው ከንፈሯ ጎረሰች። ሲነካት ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ አኘከችው። ሁለተኛውን ጠቅልላ እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። ከመዳፏ የሚወርደው ደም ጉርሻውን ነክቶታል።

«ከፈለግህ ሂድ» አለችው። «በሩ ክፍት ነው። እኔ ግን ዳግመኛ አልለምንህም።»

ወንድምየው አንገቱን አጥብቆ ያዘው። እኔ ዘነዘናዬን ይዣለሁ፤ ልጁን ልምታ ወይስ ወንድሙን፣ እሱን እንኳ አልወሰንኩም። ልጁ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገና አንገቱን የያዘውን እጅ ነከሰ። እንደ ሰው አልነበረም የነከሰው። ትንሹ ጮኸ፣ በሌላ እጁ ፊቱን ደጋግሞ መታው፤ እስኪለቀው ድረስ ጥርሱን አላነሳም። ከዚያ የወንድሙ ደም አገጩ ላይ እንዳለ ወደ እሷ ሄዶ አፉን ከፈተ። አጎረሰችው።

ትልቁ ከኋላ በዱላ ጀርባውን መታው። «ትፋው!» አለ። ልጁ አኘከ። ደገመው። «ትፋው ብያለሁ! አሁንም አልረፈደም!» በጉልበቱ ወደቀ፤ እያኘከ ነው። ሦስተኛው ሲያርፍበት ዋጠ። ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አየን።

ዱላው ወረደ። ከዚያ ወዲያ የሚያድነው ነገር አልነበረውም።

«ሞተሃል» አለው። «ቤት ገብቼ ሞቷል እላቸዋለሁ።» ወጣ።

ትንሹ የተነከሰ እጁን ታቅፎ ተከተለው። አጥሩን ተደግፎ ሲያስታውክ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

«እኛስ? እኛም በልተናል እኮ።»

«ዝም በል።»

«ለአባታችን ምን እንለዋለን? ያው በግ ለእኛ ይሆናል?»

«ዝም በል አልኩህ! ሂድ!»

ደንበኞቼ ወጥተው ደጃፉን ሞልተው ቆመዋል። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ዳግመኛ ቤቴ አልበሉም፤ ወንበራቸውን ሾፌሮችና አስተማሪዎች ያዙት፣ ቀስ እያሉ ደግሞ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች በቅዳሜ ቅዳሜ መግባት ጀመሩ። ያን ሰዓት ግን አንዱም ወደ ቤቱ አልሄደም። የሚሆነውን ለማየት አንገታቸውን አስግገዋል።

ልጁ ወለሉ ላይ፣ በስብርባሪው መሐል እንደተንበረከከ ነው። ጀርባው ከሸሚዙ ጋር ተጣብቋል። እሷ ሳህኑን አውርዳ ፊቱ አስቀመጠችና ራሷ ተቀመጠች። እሱም እንደገና አፉን ከፈተላት፤ እንደ ወፍ ጫጩት።

አየችው። «አሁንስ ራስህ ቁረስ» አለችው። «እጄ ቆስሏል።»

ከደጅ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተሳደበ። ልጁ ዞሮ አያቸው። ከዚያ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ፣ ከእሷ እጅ ጎን፣ ቆረሰና ጎረሰ። እሷም ጎረሰች። አልተያዩም፤ የተራቡ ሰዎች እንደሚበሉት ዝም ብለው በሉ።

«ምን ታያላችሁ? እንግዶቼ ምሳ ላይ ናቸው!» ብዬ በሩን ልዘጋ ቀኝ እጄን ባነሳ አልነሳ አለኝ። ክንዴ መሰበሩ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። በሩን በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት፣ መወርወሪያውን በግራዬ ሸጎርኩ።